ሰማንያው እስኪወጣ

ባለፈው ሳምንት ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ሱቄ መጡ። ኮፒ የሚፈልጉ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። የያዙት አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ እሱንም እንዳባዛላቸው ሳይሆን አንብቤ አስተያየት እንድሰጣቸው ነው የፈለጉት። በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ቅጽ ነው። ከላይ የተማሪው ስም፣ የሚናገራቸው ቋንቋዎች፣ የሚመቸው ቀን፤ ከታች ደግሞ እርዳታ የሚፈልገው ሰው ስም፣ ሰፈርና ጉዳይ። ተማሪዎችን በየሰፈሩ በጎ ፈቃደኛ ከሚፈልጉ ሰዎች ጋር ለማገናኘት አስበዋል።

“ድሮ አንተ ይህን ትሠራ ነበር አሉን” አለችኝ ረዘም ያለችው። “ለምን ተውከው?”

ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። ወረቀቱን ትተውልኝ ሄዱ። የጫት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ አልፈው ጅቡቲ ከተማ ጭር ያለበት የከሰዓት ሰዓት ነበር። ማራገቢያው ሥር ተቀምጬ ቅጹን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ቅጽ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ የሰጠኋት መልስ ግን ልክ አልነበረም፤ ያን ያህል ሥራ በዝቶብኝ አያውቅም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በዚሁ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ፈረንሳይኛዬን ያገኘሁት ከኮፒ ማሽኑ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ተማሪዎቹ የሚያመጡት ማስታወሻ ሲባዛ የሚበላሹትን ቅጂዎች ከቅርጫት እየሰበሰብኩ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ አነብ ነበር። ሕግ፣ ኢኮኖሚ፣ የሰውነት ክፍሎች፣ የመጣልኝን ሁሉ። በዚህ መንገድ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ ያወጣል፤ ስህተት ያስፈራዋል። የሚያርመው አስተማሪ ስለሌለ ራሱን ሲያርም ይውላል።

ነገሩ የተጀመረው ተማሪዎቹ ኅብረተሰቡን ያገለገሉበትን ሰዓት የሚያሳይ ወረቀት ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ወረቀቱን እኔ ጋ ነበር የሚያስጽፉት። በሌላ በኩል በእኛ በኢትዮጵያውያኑ መካከል ሆስፒታል ሄዶ፣ ሐኪሙ ያለውን ሳይረዳ ክኒኑን ብቻ ይዞ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። በሱማልኛ ይግባባል፣ በአረብኛ ይገበያያል፤ የሐኪም ፈረንሳይኛ ግን ሌላ ነገር ነው። አርሂባ ሰፈር ውስጥ ሒሳብ የሚያስጠናቸው ያጡ ልጆች ነበሩ፤ አምቡሊ ደግሞ የመንግሥት ደብዳቤ የሚያነብላቸው የሚፈልጉ ሽማግሌዎች። ሁለቱን ወገን ማገናኘት የኔ ሐሳብ ነበር። አንድ ትልቅ ደብተር ገዝቼ በማስመሪያ ከፋፈልኩት፤ ማን፣ ለማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ቋንቋ።

ለሆስፒታል አስተርጓሚዎች የተለየ ገጽ ነበረኝ። ገጹ ለሁለት ዓምድ ይከፈላል። ተማሪው በዚያው ቀን ይመለስና፣ በግራ ሐኪሙ ያለውን፣ በቀኝ ለበሽተኛው የነገረውን ይጽፋል። ሁለቱ መመሳሰል አለባቸው። ደብተሩ ላይ የተጻፈውን ደግሞ ከተማሪውና ከእኔ በቀር ማንም አያይም። ሁለቱንም ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በጣምም እኮራባቸው ነበር።

ሀምዳ የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበረች። ቤተሰቦቿ በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ጨርቅ የሚነግዱ፣ ቡላኦስ ገበያ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው። አማርኛዋ የድሬ ልጅ አማርኛ ነው፤ ፈጣን፣ ሳቅ የሚቀድመው፣ ትልቅ ሰውንም አንቺ የሚል። ለእትዬ በላይነሽ የመደብኳት በዚህ ምክንያት ነበር፤ እትዬ በላይነሽም የድሬ ናትና።

እትዬ በላይነሽ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር በአንዲት ክፍል የምትኖር ልብስ ሰፊ ነበረች። ዕድሜዋ ከሃምሳ ብዙም አላለፈ። የእግር ስፌት መኪናዋን በረንዳው ላይ አውጥታ፣ እግሮቿን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። መጀመሪያ ያየኋት ቀን እርስዎ ብላት መቀሷን አስቀምጣ ተመለከተችኝ። “እኔን ነው? እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ እርስዎ እያልክ አታስረጀኝ።” ደብተሬንና ማስመሪያዬን አይታ ደግሞ ስም አወጣችልኝ፤ አቶ መዝገብ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ አቶ መዝገብ አለኝ።

ሆዷን ካመማት ሰንብቷል። ከሁሉ በላይ የምታወራው ግን ስለ ሕመሟ ሳይሆን ስለ ልጇ ነበር። ሰናይትን የአምስት ዓመት ልጅ እያለች ድሬዳዋ ለእናቷ ትታ ነው ወደዚህ የመጣችው። ሰናይት ስትዳር የእትዬ በላይነሽ ወረቀት አልተሟላም ነበርና ሠርጓን በስልክ ነው የሰማችው። በዚያ ዓመት ሰኔ ውስጥ ሰናይት የመጀመሪያ ልጇን፣ ሴት ልጅ ወለደች። “በሠርጉ አልነበርኩም” ትል ነበር። “ክርስትናው ላይ ግን ታቅፌ ቤተክርስቲያን የምወስዳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢነካት እጁን በመርፌ ነው የምወጋው።” ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። እስከዚያ የዓመቱን ዩኒፎርም ትጨርሳለች፣ ከዚያ በባቡሩ ትሄዳለች። ሐሳቧ ይህ ነበር።

ሀምዳ ከእሷ ጋር ለምርመራው ውጤት የሄደችው ሕፃኗ በተወለደች በሃያ አንደኛው ቀን ነው። ቀኑን የማውቀው እትዬ በላይነሽ በየቀኑ ስለምትቆጥርና እኔም ከእሷ ጋር መቁጠር ስለጀመርኩ ነው። ከምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ የሚነፍስበት ወቅት ነበር፤ አሸዋው በበሩ ሥር እየገባ ወረቀቶቼን ያሻክራቸዋል። ሀምዳ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ገባች። ደብተሩን ራሷ አውርዳ ጻፈች፣ ዘግታ አስረከበችኝና ሄደች።

በግራ በኩል እንዲህ ይላል። “በሽታው ተሰራጭቷል። ቀዶ ጥገና አይጠቅማትም። ዘመዶቿ ድሬዳዋ ከሆኑ አሁኑኑ ትሂድ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መንገድ መቻሏን እጠራጠራለሁ።”

በቀኝ በኩል፦ “ሐኪሙ እረፊ፣ መድኃኒትሽንም በሰዓቱ ውሰጂ ብሏል አልኳት።”

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ያናደደኝም የሁለቱ ዓምዶች አለመመሳሰል ነበር። ይህን መጻፍ ዛሬም ያሳፍረኛል። አንዲት ሴት እየሞተች መሆኑን ባነበብኩበት ደቂቃ ያየሁት የተበላሸ ገጼን ነው።

በማግስቱ ሀምዳን ጠራኋት። በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን እያየች አወራችኝ። ሐኪሙ ሲናገር እትዬ በላይነሽ የሐኪሙን ሳይሆን የእሷን አፍ ነበር የምታየው። ፈገግ ብላ ነበር የምትጠብቀው፣ ልጅ ግጥም ሲያነብ እንደምትሰማ እናት። “አልወጣልኝም” አለች ሀምዳ። ከዚያ ቀና ብላ፦ “አሁን ልሂድና ልንገራት። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነበር። እነግራታለሁ።”

ቆይ አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር እንዲያው ተሮጦ አይነገርም፣ የሚነግር ሰው አለው አልኳት። ያን ጊዜ ትክክል መስሎኝ ነበር። በእኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ባለበት ነው የሚነገረው፤ ሰው ለብቻው ቆሞ ወይም ፀሐይ ላይ እያለ አይነገረውም። ሀምዳ የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ የምትነግርበት ወግ የላትም ብዬ አሰብኩ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ደግሞ ከእኔ አይወጣም የሚል ሕግ ነበረኝ። በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል አራት ቀን ቆምኩ። በአራተኛው ቀን ሕጌን አፍርሼ ጋሽ ታደለ ዘንድ ሄድኩ።

ጋሽ ታደለ የእድራችን ዳኛ ነበሩ። በአሮጌው ባቡር ዘመን ምድር ባቡር ውስጥ የሠሩ፣ ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። ነገሩን ጨርሼ እስክነግራቸው ድረስ አላቋረጡኝም። ከዚያ ዘመዷ ማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ልጇ ብቻ ናት አልኳቸው።

“ልጇ ደግሞ አራስ ናት።”

“አዎ ጋሼ።”

“ለአራስ መርዶ አይነገርም፣ ወተቷ ይደርቃል። ያልተጠመቀ ሕፃን ይዛም መንገድ አትወጣም። ለእናቲቱ ደግሞ ዘመድ በሌለበት አይነገርም።” የአንገታቸውን ቁልፍ ዳሰሱ። “ሰማንያው ይውጣላት። ከዚያ ልጅቱን እናስመጣታለን፣ እሷ ባለችበት እንነግራታለን። እስከዚያ አፍህን ያዝ፣ ያቺም ልጅ አፏን ትያዝ።”

ሦስት ሳምንት ብሏል እኮ ሐኪሙ አልኳቸው። ሐኪም እግዚአብሔር አይደለም አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ያወሩኝ እያዘኑ ነው፤ እስከ በሩም ሸኙኝ። እኔም ስወጣ ሸክሜ ቀሎኝ ነበር። ነገሩ ባለቤት አገኘ ብዬ ነበር።

ለሀምዳ የሽማግሌውን ውሳኔ ነገርኳት። አልተከራከረችኝም። በዚያ ሰሞን ቤተሰቦቿ እንደየዓመቱ ሙቀቱን ሸሽተው ወደ ድሬዳዋ ሄዱ፤ እሷ ግን ፈተና አለብኝ ብላ አክስቷ ጋ ቀረች። ፈተና አልነበረባትም። በየቀኑ ካርቲየ ሁለት እየሄደች የሸሚዝ ቁልፍ ትተክል ነበር። እኔም ሥራ ስጨርስ የየመኖቹን ዓሣና ቂጣ በወረቀት ጠቅልዬ እሄዳለሁ፤ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። እትዬ በላይነሽ ዓሣውን ነካ አድርጋ ትተወዋለች፣ አፏ ግን አያርፍም።

“ይሄ ምንድን ነው?” ትላታለች የሀምዳን ስፌት ወደ ብርሃን እያነሳች። “ቁልፍ ነው ወይስ ኪንታሮት? ዩኒቨርሲቲው ምንድን ነው የሚያስተምራችሁ?”

“ሕግ ነው የሚያስተምረን።”

“እንግዲያው ይሄን ቁልፍ የሰፋሽበትን ሕግ አሳዪኝ።”

ሀምዳ ትስቃለች፣ ከዚያ ውሃ ልቅዳ ብላ ትነሳለች። ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ እኔም አላያትም ነበር።

ቃሉ ከእድሩ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። በሁለተኛው ሳምንት ግን የእትዬ በላይነሽ በረንዳ ሰው በሰው ሆነ። ሾርባ ያመጣሉ፣ ብርቱካን ያመጣሉ፣ አንዷ በረዶ በፌስታል ይዛ ትመጣለች። የልጄ ዩኒፎርም ዘገየ ብለው ይጮሁባት የነበሩ ሴቶች አይዞሽ ይቆይ ማለት ጀመሩ።

ሕፃኗ ሠላሳ ሦስት ቀን የሞላት ዕለት ብቻዬን ነበር የሄድኩት። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ከወደቡ በኩል የሚመጣው አየር ጨው ጨው ይላል። እትዬ በላይነሽ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ አልነበረም፤ ፍራሹን አውጥታ ግድግዳውን ተደግፋለች። የቀሚሷ ትከሻ ሰፍቷታል። ቁጭ በል አለችኝ፤ ደብተሩን እንዳስቀምጥም በእጇ አሳየችኝ።

“ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ” አለች። “ሃያ ዓመት እዚህ ስኖር እንዲህ ደግ ሆኖብኝ አያውቅም። ሀምዳ ያልነገረችኝ ነገር አለ?”

ሐኪሙ እረፊ፣ መድኃኒትሽንም በሰዓቱ ውሰጂ ብሏል አልኳት። የሀምዳን ቃል፣ በቀኙ ዓምድ እንደተጻፈው፣ አንዲት ፊደል ሳልለውጥ።

ረጅም ጊዜ ተመለከተችኝ። የዚያን ቀን አስተያየቷ የተቆጣ ሰው አልነበረም። መውጫ እየሰጠችኝ እንደነበረ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

“እሺ፣ ይሁን። ሌላ ልጠይቅህ። አንተ ቀን ቆጣሪ ነህ። ባቡሩ ነገ አለ ይላሉ። አሁን ልሂድ ወይስ ለሰማንያው ልሂድ? ዛሬ አቅም አለኝ። እስከ ጣቢያው እደርሳለሁ።”

ጎረቤት ሬዲዮ ተከፍቷል፣ በሱማልኛ ዜና ያነባል፤ ዜናው እስኪያልቅ ድረስ ያሰብኩ ይመስለኛል። ጋሽ ታደለን አሰብኩ። ሂጂ ብላት ለምን ትለኛለች፣ ለምን ካለችኝ ደግሞ እነግራታለሁ፣ ከነገርኳት ወግ አፈርሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ቅደም ተከተሉን በደንብ አድርጌ አሰብኩት።

“ለሰማንያው ይሻላል” አልኳት።

“ይሻላል?”

“ይሻላል። ዩኒፎርሙም አላለቀም።”

አንገቷን ነቀነቀች። “አቶ መዝገብ ካለ፣ ይሻላል” አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከፍራሹ መነሳት አቃታት። ያላለቁትን ዩኒፎርሞች ሀምዳ ሌላ ሰፊ ጋ ወሰደቻቸው። ሕፃኗ ሃምሳ ዘጠኝ ቀን ሲሆናት እትዬ በላይነሽን ሆስፒታል አስገባናት። ሀምዳ ቀን ቀን አጠገቧ ትቀመጣለች፤ ከሥራ በኋላ እኔ እተካታለሁ።

በስድሳ አራተኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ የእትዬ በላይነሽ ስልክ ጮኸ። ሰናይት ነበረች። ድምፅዋ የእናቷን ይመስላል፣ ፍጥነቱም ጭምር። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት።

“አቶ መዝገብ!” አለችና ሳቀች። “እናቴ ስላንተ ሁሌ ነው የምታወራው። የት ናት?”

“ተኝታለች።”

“በዚህ ሰዓት?”

“ሥራ ደክሟት ነው።”

“አትቀስቅሳት እንግዲያ። ስትነሳ ልጅቷ ዛሬ ሳቀች በላት። የመጀመሪያዋ ነው። እኔን አይታ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ያለውን የእሷን ፎቶግራፍ አይታ ነው በላት። ባይሆንም እንደዚያ በላት።”

እሺ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ወደ እትዬ በላይነሽ ጆሮ ጎንበስ አልኩና ነገርኳት። ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ባይሆንም የሚለውን ሳይቀር። ትንፋሿ አልተለወጠም። መስማት አለመስማቷን አላውቅም። ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት አረፈች።

እድሩ ሥርዓቱን አጓደለ የሚል ሰው አይኖርም። ቀብሩ ያማረ ነበር፤ ካርቲየ ሁለት በሙሉ ወጥቷል፣ ሱማሌዎቹም ዓፋሮቹም መጥተዋል። ለሰናይት ግን አልተነገረም። ሰማንያው ሊወጣ አሥራ አራት ቀን ቀርቶ ነበርና፣ የእናትሽ ስልክ ተበላሽቷል ተባለች። ሕፃኗ በቀኗ ክርስትና ተነሣች፣ እልልታውም በስልክ ተቀድቶ ለጋሽ ታደለ ተልኮላቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የድሬዳዋ ሽማግሌዎች በሯን አንኳኩ።

ሰናይት በጥቅምት መጣች፤ የእናቷን ስፌት መኪና ልትወስድ። ልጅቷን አዝላታለች። ቀጭን፣ ፀጉሯን ለሐዘን ያሳጠረች ሴት ነበረች። አላለቀሰችም፣ ማንንም አልወቀሰችም። መኪናውን ለመንገድ በገመድ ካሰርንላት በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“መቼ ነው ያወቃችሁት?”

ደብተሩን መክፈት አላስፈለገኝም። “ልጅሽ በተወለደች በሃያ አንደኛው ቀን።”

ቆጠረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት። “በሃያ አንደኛው ቀን” አለች፣ “እኔ ከጉድጓድ ውሃ እየቀዳሁ ነበር። በአሥረኛው ቀን ነው የተነሳሁት። ሁለት ጀሪካን እሸከም ነበር።” በአሥረኛው ቀን ተነስታ ሁለት ጀሪካን የምትሸከመውን ሴት፣ ዜና አትችልም ብለን ለሁለት ወር ጠብቀንላታል።

ከዚያ ወዲህ ለአዲስ ሰው አዲስ ገጽ አልከፈትኩም። የተመደቡትን ተማሪዎች ዓመቱ እስኪያልቅ አሠራኋቸው፣ ከዚያ ተውኩት። ሀምዳ አሁን ቡላኦስ ውስጥ በአንድ የጠበቃ ቢሮ ትሠራለች፣ ወረቀት ልታባዛ ትመጣለች። ስለ ልጆቿ እጠይቃታለሁ፣ ስለ ማሽኖቼ ትጠይቀኛለች። ያን ክረምት አንስተነው አናውቅም።

ዛሬ ጠዋት ረጅሟ ተማሪ ለቅጹ ተመልሳ መጣች። ያረምኩት ሁለት ቦታ ብቻ ነበር፣ የፊደል ግድፈት። ሰጠኋትና፣ ለምን እንደተውኩት ባለፈው የነገርኳት ውሸት ነው አልኳት። ከዚያ ከላይ የጻፍኩትን ነገርኳት። አንድ ሰዓት ሳይፈጅ አልቀረም፤ ሁለት ደንበኛ መጥቶ ተመለሰ። ስጨርስ፣ አስተርጓሚዋ ታዲያ ምን ማድረግ ነበረባት ብላ ጠየቀችኝ። ቅጹ ላይ የምትጨምረው ሕግ የምትፈልግ ይመስለኛል፤ እስክሪብቶዋን አውጥታለች።

ሀምዳ ምን ማድረግ እንደነበረባት አላውቅም አልኳት። እዚያ ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ ያችን ፈገግታ ያላየ ሰው ሊያውቅ አይችልም። ጋሽ ታደለም የሚያውቁትን ወግ ጠበቁ። የማውቀው የራሴን ነው። ያን ቅዳሜ እትዬ በላይነሽ ስለ በሽታዋ የጠየቀችኝን ስዋሻት ተወችው፣ አላስጨነቀችኝም። ሁለተኛው ጥያቄዋ መርዶ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሽማግሌም፣ ማለዳም፣ ዘመድም አያስፈልገውም ነበር። ልሂድ ወይስ ልቆይ ነው ያለችኝ። ሂጂ ብላት ለምን አትለኝም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ታውቅ ነበር። ሻንጣዋን ይዤ እስከ ባቡሩ ልሸኛት እችል ነበር። ሕፃኗ ያን ቀን ሠላሳ ሦስት ቀኗ ነበር፣ ባቡሩም በማግስቱ ነበር።

ተማሪዋ ምንም አልጻፈችም።